ጎረቤቴ ስለ እምነቱ ለምን ይነግረኛል?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን እነሆ ቀጠሮውን አክብሮ ቀርቧል።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተሰቡ አለ። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው፣ «ዛሬ ብትሞት ነፍስህ የት እንደምትገባ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? የሥራ ባልደረባችሁ ሳትጠይቁት የዳዕዋ ትምህርት በስልካችሁ ልኮላችሁ ያውቃል? ወይስ እምነቱን የቀየረ ዘመድ አላችሁና ቤተሰቡ ለበዓል በተሰበሰበ ቁጥር፣ «እባክህ ወደ ቀድሞው ተመለስ» እየተባለ ይለመናል?

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን አንዳንዶቻችን እንቆጣለን። አንዳንዶቻችን በይሉኝታ አንገታችንን እየነቀነቅን እናሳልፈዋለን። ሌሎቻችን ክርክር እንገጥማለን። «ግን ይህ ሰው ለምን ይነግረኛል?» ብለን ከልብ የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው። አጥብቆ የሚያምን ሰው፣ ሌላውም እንደ እርሱ እንዲያምን ለምን ይጥራል?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቃላት ያዙልኝ። አንዱ «ለምን» ነው። ሌላው «እንዴት» ነው። ሰውየው ለምን ይነግረኛል? የሚነግረኝስ እንዴት ነው?

ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው እነዚህን ሁለቱን ስለምናደባልቃቸው ነው። በጎ ልብ ይዞ በክፉ መንገድ የሚመጣ ሰው አለ። ለጥቅሙ ብቻ አስቦ በለሰለሰ አንደበት የሚመጣም አለ። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስናገር እገልጽላችኋለሁ።

እንግዲህ ከ«ለምን» እንነሳ።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ምክንያት ትእዛዝ ነው። በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ሕዝቦች ሁሉ ሄደው እንዲያስተምሩና እንዲያጠምቁ ይልካቸዋል። በቁርኣን አን-ነሕል በተባለው ሱራ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ ሰዎችን ወደ ፈጣሪ መንገድ በጥበብና በመልካም ምክር እንዲጣሩ ታዘዋል።

እኛ አደራ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ሰው ከመሄዱ በፊት፣ «ይህን መልእክት ለእገሌ አድርስልኝ» ብሎ አደራ ቢለን፣ እገሌም ዘወትር በደጃችን የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳንነግረው ብንቀር ምን ይሰማናል? አጥብቆ የሚያምን ሰው ዝም ሲል የሚሰማው እንደዚያ ነው። አደራ የበላ ይመስለዋል።

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ እንውሰድ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ የሚባሉ የጢሮስ ልጅ፣ የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ፣ ኤዴስዮስ ከተባለ ጓደኛቸው ጋር ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሱ።

ፍሬምናጦስ ግን መንገዳቸውን ወደ እስክንድርያ አደረጉ። ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስ፣ «በዚያ ሀገር ላሉ ክርስቲያኖች ጳጳስ ይላክላቸው» ብለው አመለከቱ። አትናቴዎስም እርሳቸውኑ ሾመው መለሷቸው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራቸው አባት እኚህ ናቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛሬ «የአባቶቻችን እምነት» የምንለው ሁሉ፣ አንድ ዘመን ላይ ለአንድ አባት አዲስ ነገር ነበር። አንድ ሰው ነገረው፤ እርሱም ሰማ። ይህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እውነት ነው። የሚናገር አፍ ባይኖር ኖሮ እኛ ዛሬ የምንጠብቀው እምነትም ባልደረሰን ነበር።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ምክንያት ስጋት ነው። ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እናንተ የሚሰጋ ስጋት።

ክረምት ላይ ከተራራው ማዶ ዝናብ ሲጥል ያየ ሰው፣ ታች ወንዝ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡትን፣ «ደራሽ ውሃ መጣ፣ ውጡ!» ብሎ ይጮኻል። ወንዙ ውስጥ ላሉት ሰማዩ ብራ ነው፤ ውሃውም ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጯሂው ሰላማቸውን የነሳ ይመስላቸዋል። ለእርሱ ግን አይቶ ዝም ማለት ነፍስ ማጥፋት ነው።

አጥብቆ የሚያምነው ሰው ከሞት በኋላ ፍርድ እንዳለ፣ ገነትና ገሃነም እንዳሉ ከልቡ ያምናል። እናንተ ባታምኑበትም እርሱ ያምንበታል። ይህን እያመነ ለሚወደው ወንድሙ ባይናገር፣ ፍቅሩን ራሱን እንጠረጥረው ነበር።

ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እምነቱን የሚነግራችሁ ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ለማን ነው? ለእናቱ፣ ለወንድሙ፣ ለሚስቱ፣ ለልብ ጓደኛው አይደለም? ስጋቱ የሚጀምረው ፍቅሩ ከሚጀምርበት ቦታ ነው።

አቅራቢ፦ ይህን ነጥብ አጥርተን የምናየው ሰው ለማስለወጥ የማይሮጥ እምነት ስናይ ነው። የአይሁድን እምነት እንመልከት። በረቢዎች ትምህርት መሠረት፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ለኖኅ ልጆች የተሰጡትን ጥቂት መሠረታዊ ሕግጋት ጠብቆ በጽድቅ ከኖረ፣ በሚመጣው ዓለም ዕድል ፈንታ አለው። «አይሁዳዊ ልሁን» ብሎ የሚመጣን ሰው እንዲያውም ረቢው መጀመሪያ ይመልሰዋል፤ ጽናቱን ይፈትነዋል።

ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ ስለ ባዕዱ ነፍስ ስጋቱ የለም፤ ስለዚህ ጥሪውም የለም። ስጋቱ ያለበት እምነት ይጣራል። ስጋቱ የሌለበት እምነት በሩን ጠብቆ ይቀመጣል። ሁለቱም ከየራሳቸው ትምህርት ጋር ተስማምተው ነው የሚኖሩት።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ሁለት ምክንያት አየን። ትእዛዝ፣ ስጋት። ሦስተኛው ደስታና ምስጋና ነው።

በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት ኦነሲሞስ ነሲብ ገና በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ። ከሻጭ ወደ ገዢ እየተላለፉ ምጽዋ ደረሱ። እዚያም በ1870 ነፃ ወጡ፤ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተጠመቁ።

ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሙሉ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። ያገኙትን ወደ ወገኖቻቸው መውሰድ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ሞክረው መንገድ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። በዚህ መካከል ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ወለጋ ገቡ፤ እስኪሞቱም አስተማሩ።

«እኚህ ሰው ምን ፈልገው ነው ይህን ሁሉ የደከሙት?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከሕይወታቸው ይነበባል። ሰንሰለቱ ወልቆለት ሰው የሆነ፣ ያወለቀለትን አምላክ ለወገኑ መናገር ይወዳል። የተፈወሰ የፀበሉን ቦታ ለጎረቤቱ እንደሚናገር፣ ከሱስ የወጣ ወጣት ጓደኞቹን ካልወሰድኩ እንደሚል ሁሉ ደስታ ብቻውን አይቀመጥም።

አቅራቢ፦ አራተኛው ምክንያት ስለ እውነት ያለው አስተሳሰብ ነው። አጥባቂው አማኝ እምነቱን እንደ ልማድ ወይም እንደ ምርጫ አያየውም። እውነት ነው ብሎ ይይዘዋል። እውነት ከሆነ ደግሞ ለእኔ ብቻ እውነት ሊሆን አይችልም ይላል።

እጨጌ ዕንባቆምን እንውሰድ። ትውልዳቸው ከየመን ነው፤ በእስልምና አድገዋል። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ መርምረው ክርስቲያን ሆኑ፤ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን ደረሱ። የኢማም አሕመድ ጦር ሀገሩን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ በ1540፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ለኢማሙ ጻፉ። ቁርኣንን እየጠቀሱ ስለ ክርስትና ተከራከሩ። ሰይፍ በተመዘዘበት ጊዜ ብዕር አነሱ። ለምን? ያ የሚያሳድዳቸው ሰው ሊያምን ይችላል ብለው ስላሰቡ ነው።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የወሎን ሼሆች ተመልከቱ። በመስጂድና በመድረሳ ካስተማሩት ሌላ፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬና እረኛ እንዲገባው ትምህርቱን በአማርኛ መንዙማ አደረጉት። ድቤ ሲመታ፣ ሐድራ ሲያዝ፣ የነቢዩ ታሪክና የሃይማኖቱ ትምህርት በዜማ ወደ ሰው ልብ ገባ። እውነት ነው ብሎ የያዘውን ሰው ሁሉ እንዲረዳው የሚፈልግ አስተማሪ ቋንቋና ዜማ ይፈልጋል።

እንድገመው። አንድ፣ ትእዛዝ። ሁለት፣ ስጋት። ሦስት፣ ደስታና ምስጋና። አራት፣ እውነት የሁሉ ናት የሚል እምነት። አጥብቆ የሚያምን ሰው ዝም ለማለት የሚከብደው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ አምስተኛ ምክንያትም አለ። ይሄኛው ግን ከእምነት ውስጥ የሚወጣ አይደለም። ሥልጣን፣ ቁጥር፣ ጥቅም ነው። «እኛ ስንት ነን፣ እነሱ ስንት ናቸው?» የሚል ሂሳብ ነው። የእምነት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ከአራቱ ጋር ይምታታብናል። ለዚህ ነው ወደ ሁለተኛው ቃላችን መሄድ ያለብን። «እንዴት» ወደሚለው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሀገራችን የመጡትን ሁለት የካቶሊክ ካህናት ላነጻጽርላችሁ። ሁለቱም ኢየሱሳውያን ናቸው። ሁለቱም አንድ ትምህርት ይዘው መጡ። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነበር።

አባ ፔድሮ ፓኤዝ መጀመሪያ ሊመጡ ሲሉ በባሕር ላይ ተይዘው የመን ውስጥ ዓመታት በእስር አሳለፉ። ተፈተው እንደገና ተነሡና በ1603 ገቡ። ግእዝና አማርኛ ተማሩ። ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሩ፤ አደመጡም። ባሕሉን አጠኑ፤ የሀገሩንም ታሪክ ጻፉ። የሰውን ቋንቋ ሳያውቁ ስለ ነፍሱ ማውራት እንደማይቻል የገባቸው ሰው ነበሩ።

አፄ ሱስንዮስ በትምህርታቸው ተሳቡ። የሱስንዮስ ልብ ግን አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። ክርክሩ ማርኳቸዋል፤ ከፖርቱጋል የሚመጣ ወታደርና የዙፋናቸው መጠናከርም በሐሳባቸው ነበር። በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፉ።

በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆነው መጡ። በቀጣዩ ዓመት በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ጳጳስ ታማኝነታቸውን ማሉ። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ተከታተለ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ቅዳሜ ሰንበት አይከበር፣ ግርዛት ይቅር ተባለ።

አስቡት። አያት ቅድመ አያቱ በተጠመቁበት ጥምቀት የተጠመቀ ሰው፣ «አልተጠመቅህም» ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ የቀደሰ ቄስ፣ «ቄስ አይደለህም» ተባለ። ላስታ ተነሣ፣ ሌላውም አገር ተነሣ። በ1632 በተደረገው ታላቅ ውጊያ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ረገፉ። ንጉሡ አሸነፉ፤ ድሉ ግን በራሳቸው ሕዝብ ሬሳ ላይ የተገኘ ድል ነበር። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ከሀገር ወጡ።

ፓኤዝ በዓመታት ትዕግሥት የገነቡት በአዋጅ ጥቂት ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ምን እንማራለን? አዋጅ አንገትን ያስደፋል፤ ልብን ግን አያሳምንም።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ ይህ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢማም አሕመድ ዘመቻ፣ ከ1529 እስከ 1543 ባሉት ዓመታት፣ ብዙ ክርስቲያኖች ሰይፉን ፈርተው ሰለሙ። ኢማሙ ከወደቁ በኋላ ብዙዎቹ ተመለሱ።

በ1878 ደግሞ አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ከጠሩ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ በክርስትናቸውም ጸንተው ቀሩ። ሌሎች ግን በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ሼህ ጠልሃን የመሰሉ ተነሥተው ተዋጉ፤ ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። የንጉሡ ሐሳብ በጠላት የተከበበች ሀገርን በአንድ እምነት ማሰር ነበር። የታሰረው ግን ብዙ ቂም ነው።

አሁን ተቃራኒውን ተመልከቱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስልምና በጊቤ መንግሥታት ውስጥ ሲስፋፋ፣ የጅማው ቀዳማዊ አባ ጅፋርም ሲቀበሉት፣ መንገዱን የከፈቱት ነጋዴዎችና መምህራን ነበሩ። ነጋዴው ሚዛኑን ሳያጓድል ይነግዳል፤ በሰዓቱ ይሰግዳል። መምህሩ ልጆችን ያስቀራል። ሰው አይቶ ጠየቀ፤ ጠይቆ ተማረ።

ወላይታንም ተመልከቱ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ሶዶ ገቡ። ለዓመታት ደክመው በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው፣ የተጠመቁት ምእመናን ወደ 50 ገደማ ብቻ ነበሩ። ነጮቹ ሄዱ፤ ገንዘብም ድርጅትም አልቀረም። ጣሊያኖች መሪዎቹን አሰሩ፤ ገረፉ። ከተገረፉት አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ነበሩ። ጦርነቱ አልቆ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ ወደ 10 ሺህ ደርሰው አገኟቸው።

ይህ እንዴት ሆነ? ጎረቤት ለጎረቤት በራሱ ቋንቋ ስለነገረ ነው። የታሰረውን ምግብ ሲያቀብሉ፣ የታመመውን ሲያስታምሙ፣ ተገርፈውም ሳይረግሙ ሲቀሩ ሰው ስላየ ነው። ማስገደጃ ኃይል በእጃቸው አልነበረም። መስማትም አለመስማትም የአድማጩ ፈንታ ነበር።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ በተናጋሪው ፋንታ በሰሚው ቦታ እንቁም። አንድ ሰው «እምነትህን ተው» ሲባል ምን ተው እየተባለ ነው?

በኛ ሀገር እምነት ብቻውን አይኖርም። ከጾሙና ከፍልሰታው፣ ከረመዳኑና ከኢዱ፣ ከክርስትና ስሙ፣ ከዝክሩና ከማኅበሩ ጋር ተሳስሯል። ከእናት ማዕድ ጋር ተሳስሯል። የት እንደሚቀበርም ይወስናል። እምነቱን ቀይሮ ሲሞት የቀብር ቦታ የተነፈገ፣ ሠርጉ ላይ ዘመድ የቀረበት ሰው በየአካባቢው አለ። ስለዚህ የሰሚው ቁጣ ሁልጊዜ ግትርነት አይደለም። ቤቱ ሲነቀነቅ የሚሰማው ድንጋጤም ነው።

የቤተ እስራኤልን ታሪክ አስታውሱ። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባሉ ሚስዮናዊ ከለንደን ወደ እነርሱ መጡ። እርሳቸው ራሳቸው ከአይሁድ ተወልደው ክርስቲያን የሆኑ ነበሩ። ስብከቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ትልቅ ሁከት አስነሣ። በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ፤ በትግራይ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ ከዚያ የስብከት ግፊት ጋር ያያይዙታል። በጎ አስቦ የመጣ ሰው እንኳ የሚነካው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ካላወቀ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

አቅራቢ፦ «ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» የሚል አባባል አለን። መልካም አባባል ነው። አንዳንዴ ግን፣ «ስለ እምነትህ አፍህን ዝጋ» ለማለት እንጠቀምበታለን። አባባሉ የሚያስረው መንግሥትንና ጉልበተኛን ይመስለኛል፤ ለማንም እምነት አትምረጡለት ይላቸዋል። ጎረቤት ለጎረቤቱ በፍቅር የሚናገረውን አይከለክልም።

በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ሁለቱንም ይዟል። ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ፣ የማምለክ፣ የማስተማርና የመግለጽ መብት አለው። በዚያው አንቀጽ ማንንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ወይም በሌላ መንገድ ማስገደድ ክልክል ነው። መናገር ይፈቀዳል። ማስገደድ አይፈቀድም። ይህንን ያዙልኝ።

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ ታዲያ እምነቱን የሚነግራችሁን ሰው እንዴት ትመዝኑታላችሁ? ሦስት ጥያቄ ልስጣችሁ።

አንደኛው፦ «አይሆንም» ብለው ወዳጅነቱ ይቀጥላል? እምቢ ስትሉት ሰላምታውን የሚነፍግ፣ የሚያስፈራራ፣ ከሥራ የሚያጉላላ ከሆነ፣ ያ ሰው የሚፈልገው ነፍሳችሁን ሳይሆን እሺታችሁን ነው።

ሁለተኛው፦ እምነቱን ከእንጀራ ጋር ያስራል? የተራበ ሰው እህል ፊቱ ተይዞ ስለ እምነት ሲጠየቅ የሚመልሰው ሆዱ ነው። ለችግረኛ መስጠት በሁሉም እምነት ጽድቅ ነው። እርዳታን ለእምነት ማስለወጫ ማድረግ ግን ሰጪውንም ተቀባዩንም ያዋርዳል። የውጭ ሀገር ሥራ፣ የትምህርት ዕድል፣ ትዳርም እንዲሁ ናቸው።

ሦስተኛው፦ ስለ እኔ እምነት እውነቱን ይናገራል? የራሱን ለማክበር የእኔን የሚያንቋሽሽ፣ ያላልኩትን ብለሃል የሚል ሰው ለእውነት የቆመ አይደለም።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለሰሚው ብቻ አይደሉም። ስለ እምነታችሁ የምትናገሩ ሁሉ፣ ሰባኪም ሁኑ ዳዒ፣ ምእመንም ሁኑ፣ ማታ ማታ ራሳችሁን ጠይቁባቸው።

አቅራቢ፦ አሁን በአንድ አጭር ጭውውት እናሳያችሁ። ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ሌላዋ ወጣት።

(የቡና ስኒ ድምፅ)

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?

እናት፦ ንገሪኝ ልጄ። መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?

ወጣቷ፦ እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ሕይወቴ ተለውጧል። ያ ሁሉ ጭንቀት ለቆኛል። እርስዎንም ስለምወድዎት ይህን ሰላም ሳያገኙ እንዳይቀሩ እሰጋለሁ።

እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። በክፉ እንዳላሰብሽው አውቃለሁ። ለውጥሽንም አይቻለሁ። እኔ ግን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የተሳለምኩት ቤተ ክርስቲያን አለኝ። ሰላሜም እዚያ ነው።

ወጣቷ፦ ስለ እምነትዎ ብጠይቅዎትስ? ብዙ የማላውቀው ነገር አለ።

እናት፦ በደስታ። አንቺም የአንቺን ትነግሪኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ልጆቼን እኔ ሳላውቅ አትጥሪብኝ።

ወጣቷ፦ እሺ እትዬ፣ ቃሌ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ምን አስተዋላችሁ? ወጣቷ ምክንያቷን ሳትሸፍን ተናገረች፤ ስጋቷን፣ ደስታዋን። እናትየው ልቧን ተረድተው፣ አመስግነው፣ እምቢታቸውን በግልጽ አስቀመጡ። ድንበራቸውንም አሳዩ። ማንም አልተዋረደም። ማንም እምነቱን አልደበቀም።

በአንዳንድ ቤት ይህ ጭውውት በሙስሊምና በክርስቲያን ጎረቤት መካከል ነው። በአንዳንዱ በአባትና በልጅ፣ በባልና በሚስት መካከል ነው። በቤተሰብ ውስጥ ሲሆን ይከብዳል፤ ምክንያቱም ስጋቱም ፍቅሩም ከባድ ነው። ልጃችሁ እምነት ቀይሮ ከሆነ፣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት «ምን አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እምነት የቀየርህ ልጅም፣ የእናትህ ልቅሶ ጠላትነት እንዳይመስልህ። አንተ ለእርሷ ነፍስ እንደምትሰጋው፣ እርሷም ላንተ ትሰጋለች።

ይህን የምለው አንድ ነገር በጽኑ ስለማምን ነው። የሰውን ምክንያት መረዳት በእርሱ መስማማት አይደለም። ከተረዳነው ግን ሁለት ነገር እናገኛለን። በቅን ልብ የመጣውን ሳናዋርድ እምቢ እንላለን፤ ወይም ደስ ካለን እንሰማለን። በጉልበት፣ በማታለል፣ በእንጀራ የመጣውን ደግሞ ለይተን እናውቀዋለን፤ የራሳችን እምነት ሰው ቢሆንም እንኳ እናስቆመዋለን። የሚከብደው ይሄኛው ነው። የሌላውን ወገን ማስገደድ ለማውገዝ ሁሉም ይፈጥናል። የራስን ወገን «ይህ አይገባም» ማለት ግን እምነትን የሚያስከብር ድፍረት ነው።

(ሙዚቃ በዝግታ ይገባል)

አቅራቢ፦ ከመሰነባበታችን በፊት የተማርነውን እንሰብስብ። ለምን? በትእዛዝ፣ በስጋት፣ በደስታና ምስጋና፣ እውነት የሁሉ ናት ከሚል እምነት። አንዳንዴም ከእምነት ውጪ፣ ለሥልጣንና ለጥቅም። እንዴት? በመናገርና በመኖር ከሆነ መብት ነው፤ በማስገደድና በመደለል ከሆነ በደል ነው።

ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከእናንተ የተለየ እምነት ያለው አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «እኔ ወደ እምነትህ እንድመጣ ትፈልጋለህ? ለምን?» ሳታቋርጡ አዳምጡት። ከዚያ የእናንተን ንገሩት። የሰማችሁትን በደብዳቤም በስልክም አካፍሉን፤ የሰዎቹን ስም ሳትጠቅሱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመልሶቻችሁ እያነበብን እንወያያለን።

እስከዚያው ድረስ ደህና ሰንብቱ።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)